ሙሴ ኢልግና የባዶ ቀለህ ነገር

የመጽሔታችን ዝግጅት ኮሚቴ ለዘንድሮው እትም ከቀድሞ መሐንዲሶች የአንዱን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በጠየቀኝ ጊዜ፥ ያለ ብዙ ማመንታት አልፍሬድ ኢልግን መረጥሁ። ለመጻፍ ያሰብሁትም ከዚህ ቀደም ብዙዎች እንደ ጻፉት ሁሉ ስለ ምድር ባቡሩ ነበር። ይህን አሳቤን ያስለወጡኝ በምኖርበት በልደታ ኮንዶሚኒየም፥ ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው።

እኒህ እናት የልደታ ነባር ሰው ናቸው። የቀድሞው መንደር ፈርሶ በቦታው ፎቆቹ ሲቆሙ፥ ምትክ ቤት እዚያው ስለ ደረሳቸው ከሰፈራቸውም ከደብራቸውም ሳይርቁ ቀርተዋል። አንድ እሑድ ከልደታ ማርያም ቅዳሴ ሲመለሱ በሬን አንኳኩና፥ የማሽን ሰው መሆኔን ስለሚያውቁ አንድ ነገር እንዳይላቸው ለመኑኝ። በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ሲፈቱት ሦስት የጥይት ቀለሆች ወጡ። ሁለቱ እርሳሳቸው እንዳለ ሙሉ ናቸው፤ አንዱ ባዶ ነው። ከአያታቸው ዝናር የቀሩ መሆናቸውንና በሣጥን ውስጥ ከልብስ ጋር ስንት ዘመን እንደ ኖሩ ነገሩኝ። ያስደነገጣቸው ግን የልጅ ልጃቸው አንዱን አውጥቶ በደረጃው ላይ በድንጋይ ሲቀጠቅጠው ማግኘታቸው ነበር።

ሙሉዎቹን ጥይቶች አልነካካኋቸውም። መቶ ዓመት ያለፈው ጥይት ሞቷል ብሎ መገመት የብዙ ሰው ስሕተት ነው፤ ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካላገኘው በዕድሜ ብዛት ብቻ አይሞትም። ስለዚህ ማንም እንዳይመታቸው፥ ወደ እሳትም እንዳያቀርባቸው አስጠንቅቄ፥ ለፖሊስ እንድናስታውቅ መከርኋቸው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለውን በቤት ማኖር እንደማይፈቅድም ነገርኋቸው። የአያታቸው መታሰቢያ ከቤት መውጣቱ ስለ ከበዳቸው ጥቂት ተከራከርን። በመጨረሻ ሁለቱ ሙሉ ጥይቶች ተወሰዱ፤ ባዶው ቀለህ ለመታሰቢያ ቀረ። እኔም ባዶውን ለሁለት ሳምንት ያህል ተዋስሁ።

ቀለሁ የውጅግራ ነው። ይህ ስም ፉዚ ግራ የተባለው የፈረንሳይኛ ቃል በአገራችን ሰው አንደበት ተቃንቶ የተገኘ ነው። ባዚል ግራ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን የነደፈው ይህ ጠመንጃ በ1874 ለፈረንሳይ ጦር ተሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማወሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልሁ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር፥ የቀለሁ ርዝመት 59 ሚሊሜትር ሲሆን፥ በወረቀት የተጠቀለለው እርሳስ 25 ግራም፥ ከበስተኋላው የሚሞላው ጥቁር ባሩድ ከ5 ግራም ጥቂት ከፍ የሚል ነው። ፈረንሳዮች በ1886 ለበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ በተቀበሉ ጊዜ ውጅግራው ለእነርሱ አሮጌ ሆነ፤ ብዙውም በቀይ ባሕርና በዓደን ባሕረ ሰላጤ ነጋዴዎች እጅ ተሻግሮ ወደ እኛ መጣ።

ቀለሁን በማጉያ መነጽር ሳየው ሦስት ምልክቶች አገኘሁበት። የካፕሱሉ ጉድጓድ ዳር በሹል ብረት ተፈልፍሏል፤ ይህም በአንድ ወገን ሳይሆን በሦስት ልዩ ልዩ ወገን ነው። የአፉ ዙሪያ በሞረድ ተስተካክሏል። ከአፉም ጀምሮ በአንገቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወርዷል። ምልክቱን ለሚያነብ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ይህ ቀለህ ከተተኮሰ በኋላ ተለቅሞ እንደ ገና ተሞልቷል፤ ይህም ከአንድ ጊዜ በላይ የተደረገ ይመስላል። የሞላውም ሰው የፋብሪካ መሣሪያ አልነበረውም። እንግዲህ ይህን በእጄ ይዤ ወደ ኢልግ ታሪክ ስመለስ፥ ከምድር ባቡሩ ይልቅ ሰውየው በአንኮበር የተቀበለው የመጀመሪያው ፈተና ትርጕሙ ጎልቶ ታየኝ።

አልፍሬድ ኢልግ ማርች 30 ቀን 1854 ፍራውንፌልድ በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ተወለደ። ምሕንድስናን በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ተምሮ ገና ሥራ እንደ ጀመረ፥ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እጁ ብልሃት የሚያውቅ አውሮፓዊ እንደሚፈልጉ በዓደን ይነግዱ በነበሩ የአገሩ ሰዎች በኩል ሰማ። በ1878 ሁለት የእጅ ባለሙያዎችን አስከትሎ ተነሣ፤ በጠረፍ ብዙ ጊዜ ከተጕላላ በኋላ በ1879 መጀመሪያ አንኮበር ገባ። ያን ጊዜ ዕድሜው 25 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዙት ድልድይም ቤተ መንግሥትም አይደለም፤ ጫማ ነው። ኢልግ ጫማ ሰፊ አልነበረም፤ ቢሆንም ሠርቶ አቀረበ። ቀጥሎ የታዘዘው ጠመንጃ እንዲሠራ ነው። እንደሚተረከው ኢልግ ይህን ሲሰማ፥ እዚህ በእጅ የሚሠራው ጠመንጃ ከአውሮፓ ከሚገዛው እጅግ ይወደዳል፥ ደግሞም ያን ያህል አያምርም ብሎ ለማስረዳት ሞከረ። ምኒልክ ግን አልተመለሱም። ስለዚህ የአገሩን ቀጥቃጮች ሰብስቦ፥ በወናፍና በመስፍ፥ በሞረድና በትዕግሥት አንድ ጠመንጃ ሠርቶ አስረከበ። ንጉሡም እጅግ ተደስተው በክብር አስቀመጡት ይባላል።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለፈገግታ ነው። ንጉሡ የገበያ ዋጋ የማያውቁ፥ መሐንዲሱ ደግሞ ትዕግሥተኛ ሆነው ይቀርባሉ። እኔ ግን እንዲህ አላየውም። ኢልግ የመለሰው የዋጋ ጥያቄ ነበር፤ ምኒልክ የጠየቁት ግን ዋጋውን አልነበረም። እርሳቸው ማወቅ የፈለጉት ይህ ነገር በዚህ አገር፥ በዚህ አገር ሰው እጅ ሊሠራ ይችላል ወይ የሚለውን ነው። ለዚህ ጥያቄ አንድ ውድና የማያምር ጠመንጃ በቂ መልስ ነበር።

ጥያቄውም ከፍላጎት ብቻ የመጣ አልነበረም። በ1875 በጉንደት፥ በ1876 ደግሞ በጉራዕ አጤ ዮሐንስ የግብፅን ጦር ድል ባደረጉ ጊዜ፥ ብዙ ራሚንግተን ጠመንጃ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። ጠመንጃው ተማረከ፤ ጥይቱን የሚሠራው ፋብሪካ ግን አልተማረከም። ከዚያ በፊት የነበረው ነፍጥ ከአፈሙዙ የሚጐርስ ነበርና፥ ባሩዱን ማንኛውም ብልህ ሰው በቤቱ ይቀምም፥ አረሩንም አቅልጦ ያፈስ ነበር። ባለ ቀለሁ ጠመንጃ ሲመጣ ግን ባለ ጠመንጃው ሳያውቀው የሩቅ ፋብሪካ ጥገኛ ሆነ። በዚያ ላይ የጠመንጃው ዓይነት ብዙ ነው፤ ስናድር፥ ራሚንግተን፥ ውጅግራ፥ ኋላም ቬተርሊና ለበል በአንድ ሠራዊት ውስጥ ተደባልቀው ይገኙ ነበር። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ጥይት እጅግ ከመወደዱ የተነሣ በገበያ እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ይመነዘር ነበር፤ ባዶው ቀለህ እንኳ ሊሞላ ስለሚችል የራሱ ዋጋ ነበረው።

በዚህ ጊዜ ነው በኢልግ ሕይወት ውስጥ አንድ ሌላ ሰው ብቅ የሚለው። እርሱም እንደ ኢልግ በ1854 የተወለደ፥ ግጥም መጻፉን ትቶ በሐረርና በዓደን ቡናና ቆዳ የሚነግድ አርቱር ራምቦ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። የራምቦን ዝና ያመጣለት ግጥሙ ቢሆንም፥ ለእኛ ሙያ የሚቀርበው ሌላው ጠባዩ ነው፤ ሐረር እንደ ደረሰ ከአገሩ እንዲላኩለት ያዘዛቸው መጻሕፍት የብረት ማቅለጥ፥ የቆዳ ማልፋት፥ የቁልፍ ሥራና የመሳሰሉት የእጅ ሙያ መምሪያዎች ነበሩ። ይህ ሰው በ1887 መጀመሪያ ብዙ መከራ አይቶ አንድ የጦር መሣሪያ ቅፍለት ከታጁራ ሸዋ አገባ። ያመጣቸው ጠመንጃዎች ግን የሚበዙት በካፕሱል የሚተኮሱ የቀድሞ ዘመን ዕቃዎች ስለ ነበሩ፥ ምኒልክ ካሰበው ዋጋ እጅግ ዝቅ አድርገው ወሰዱበት። ሒሳቡንም ለማስጨረስ በግቢው ተሰሚነት የነበረው ኢልግ ረዳው።

ራምቦ ከዚህ ኪሳራ ትምህርት አገኘ ለማለት ይቻላል። በ1887 መጨረሻ ላይ ለፈረንሳይ መንግሥት ያቀረበው ማመልከቻ ጠመንጃ ለማስገባት አልነበረም፤ ለምኒልክ ጠመንጃና ጥይት መሥሪያ የሚሆን መሣሪያ በኦቦክ በኩል ለማሳለፍ ነው። መልሱ የቢሮ ሥራ ለሚያውቅ አንባቢ አያስደንቅም። በጥር 1888 ተከለከለ፤ በግንቦት መጀመሪያ ተፈቀደ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፈቃዱ ተመልሶ ተሰረዘ። ለዚህም ምክንያቱ ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር በመሣሪያ ነገር የገባችው ስምምነት ነበር። ጠመንጃ በሺህ ሲያልፍ ዝም የተባለበት ጠረፍ፥ ጥይት መሥሪያው ላይ ሲደርስ ተዘጋ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይመስለኝም። ጠመንጃ የሸጠ ነጋዴ በየዓመቱ ጥይት ይሸጣል፤ መሥሪያውን የሸጠ ግን ደንበኛውን አሰናበተ ማለት ነው።

ኢልግና ራምቦ እስከ 1891 ድረስ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ደብዳቤዎቹ በ1965 በፓሪስ ታትመዋል። ብዙው ስለ ድስትና ስለ ጨርቅ፥ ስለ ግመል ኪራይና ስለ ያልተከፈለ ዕዳ ነው። ራምቦ ሁለት ባሪያዎች እንዲገዛለት በጠየቀው ጊዜ ግን ኢልግ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ እንደማያውቅ ገልጾ እንቢ አለው። ይህን በመንገዴ ሳላነሣ ማለፍ አልወደድሁም። ራምቦ በ1891 እግሩ ታሞ በቃሬዛ ከሐረር ወረደ፤ በዚያው ዓመት በማርሴይ ሞተ።

መሥሪያው አልመጣምና ሥራው በእጅ ቀጠለ። በጠረጴዛዬ ላይ የቆመው ቀለህ የዚህ ምስክር ነው። ነገሩ ቀላል ለሚመስለው አንባቢ በባለሙያ ዓይን ምን ችግር እንዳለበት ጥቂት ልዘርዝር።

የመጀመሪያው ችግር የሞተውን ካፕሱል ማውጣት ነው። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ለስፖርትና ለአደን በቤታቸው ጥይት የሚሞሉ ሰዎች የሚመርጡት ቀለህ ቦክሰር በተባለው እንግሊዛዊ ስም የሚጠራውን ነው፤ በእርሱ ጉድጓድ መካከል አንድ ቀዳዳ ስላለ፥ ቀጥ ያለ መርፌ በአፉ አስገብቶ አንድ ጊዜ ቢመቱት ካፕሱሉ ይወድቃል። ውጅግራው ግን ቤርዳን ከተባለው አሜሪካዊ ስልት ወገን ነው። በጉድጓዱ መካከል ካፕሱሉ የሚያርፍበት እንደ ትንሽ መስፍ ያለ ጕብታ አለ፤ የእሳቱ ቀዳዳዎች ሁለት ሆነው በጕብታው ግራና ቀኝ ይገኛሉ። መርፌ ቢሰዱ ጕብታውን ያገኛል እንጂ ካፕሱሉን አይገፋም። ስለዚህ ከውጭ በሹል ብረት መፈልፈል ግድ ይሆናል፤ የእጁ ልክ ጥቂት ካለፈ ጕብታው ይቆረጣል፥ ቀለሁም ለዘላለም ይበላሻል። የተሻለው ብልሃት ቀለሁን በውኃ ሞልቶ አፉን በልኩ በተሞረደ ዘንግ መዝጋትና ዘንጉን መምታት ነው፤ ውኃው ስለማይጨመቅ ግፊቱ በሁለቱ ቀዳዳዎች ወርዶ ካፕሱሉን ገፍቶ ያወጣዋል። የእናቲቱን አያት ቀለህ የሞላው ሰው ይህን አላወቀም ነበር፤ ቢሆንም ሦስት ጊዜ ሲፈለፍል ጕብታውን አንድ ጊዜ እንኳ አልነካውም። እጁን አደንቃለሁ።

ሁለተኛው የናሱ ጠባይ ነው። ናስ በተተኮሰ ቍጥር ያብጣል፤ ወደ ልኩ ሲመልሱት ደግሞ ይጠነክራል፤ ሲጠነክር ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አንገቱን በእሳት አሙቆ ማለስለስ ነው። ነገር ግን ቂጡ እሳት ከነካው እርሱም ይለሰልስና በሚቀጥለው ተኩስ ይቀደዳል፤ ከዚያ የሚያመልጠው ጢስና እሳት የተኳሹን ዓይን ያገኘዋል። ስለዚህ የዛሬ ባለሙያዎች ቀለሁን እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ አቁመው አንገቱን ብቻ ያሞቃሉ። ሌላም የማይታይ ጠላት አለ። እንግሊዞች በሕንድ አገር ከፈረስ ጋጣ አጠገብ ያከማቹት ጥይት በክረምት ወራት ሳይተኮስ አንገቱ እየተሰነጠቀ አስቸግሯቸው ነበር፤ ምክንያቱ ከእንስሳት ሽንት የሚነሣው አሞኒያ የጠነከረውን ናስ መብላቱ ስለ መሆኑ የተሟላው ማስረጃ የቀረበው በ1921 ነው። ከብትና ሰው በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት የገጠር ቤት ዝናር በግድግዳ ተሰቅሎ ሲከርም ምን ሊደርስበት እንደሚችል አንባቢ ይገምት። በካፕሱሉ ውስጥ የነበረው ሜርኩሪም ናስን ያሰባብራል። ጥቁር ባሩድ ብዙ ጥላት ስለሚተው የሜርኩሪውን ጉዳት ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን ጥላቱ ራሱ እርጥበት ስቦ ናሱን ስለሚበላ፥ ቀለሁ በተተኮሰበት ዕለት በሙቅ ውኃ ካልታጠበ አይረባም።

ሦስተኛው ልክ ነው። የባሩዱ መጠን በእፍኝ ግምት ሲሰፈር አንዱ ጥይት ዝቅ፥ ሌላው ከፍ ብሎ ይሄዳል። በአገር ቤት የሚፈሰው እርሳስ በፎርማው ጥበትና ስፋት ይለያያል፤ ጠቦ ሲገኝ ከአፈሙዙ ሲወጣ ይወላገዳል፥ ሰፍቶ ሲገኝ ጭራሽ አይገባም። እነዚህ ሁሉ ግን በጥሩ ቀጥቃጭና በጥቂት መለኪያ የሚታረሙ ናቸው። ልዩ ልዩ ፎርማዎች፥ አንድ መጫኛ፥ አንድ መስፈሪያ፥ ባለሙያውን የሚያስተምር አንድ ሰው ቢኖር በአንኮበር ወይም በእንጦጦ ሊቋቋም የሚችል ሥራ ነበር። ከአገር ውስጥ ሊገኝ የማይችለው ካፕሱሉ ብቻ ነው፤ እርሱም እጅግ ትንሽና ቀላል ስለ ሆነ በአንድ በቅሎ ጭነት ብዙ ሺህ ይገባል።

ኢልግ እንዲህ ያለውን ሥራ የመምራት ችሎታ እንደ ነበረው ሌሎች ሥራዎቹ ያስረዳሉ። በአዋሽ ላይ ድልድይ ሲሠራ ግንዱ በሰው ትከሻ ተጓጕዟል፤ የሠረገላ መንገድ አልነበረምና። ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ ተዳፋት ውኃ በቧንቧ ሲያመጣ፥ ውኃው ሸለቆውን ወርዶ ወደ ግቢው ኮረብታ መውጣቱ ሕዝቡን አስደነቀ። እርግጥ ምንጩ ከግቢው ከፍ ያለ ስለ ነበር ነው፤ የመጋጠሚያዎቹ ጥብቀት ግን የእውነተኛ መካኒክ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ዓመታት ባለፉ ቍጥር ኢልግ ከመስፍ እየራቀ ወደ ጠረጴዛ ቀረበ። በመሐንዲሶች ላይ የተለመደ ዕጣ ነው።

ይህን ያመጣው የጥይት ፖለቲካ ጭምር ነው። በ1889 የውጫሌ ውል ከተፈረመ በኋላ ኢጣልያ በ17ኛው አንቀጽ ስም ኢትዮጵያን ጥገኛ አድርጋ ለዓለም አስታወቀች። በ1890 ብራስልስ ላይ የተፈረመው ስምምነት መሣሪያ ወደ ብዙው የአፍሪካ ክፍል እንዳይገባ ሲከለክል፥ ለምኒልክ በሩን የሚከፍት መስላ የቀረበችው ኢጣልያ ነበረች። ምኒልክ በ1893 መጀመሪያ ኢጣልያ የላከችላቸውን ሁለት ሚሊዮን ጥይት ተረከቡ፤ በዚያው ሰሞን ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። ሻጩ ጥይቱን ያመጣው ለማሰር ነበር፤ ገዢው ግን ማሰሪያውን ቈረጡት። በዚህ ክርክር ኢልግ ከምኒልክ ወገን ቆሞ ለአውሮፓ ጋዜጦች የኢትዮጵያን ጉዳይ ያስረዳ ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ሲሆን ኢልግ በቦታው አልነበረም፤ በአውሮፓ ነበር። በዐድዋ የነበረው ከኮንዶሚኒየማችን ብዙም ሳይርቅ በስሙ የሚጠራ ሆስፒታል ያለው ባልቻ አባ ነፍሶ ነው፤ መድፉን ይዞ። ከዚያ ቀን በኋላ ጥይት መለመን ለጊዜው ቀረ። አውሮፓ በመልእክተኛ ላይ መልእክተኛ ላከች፤ ኢልግም በ1897 የመንግሥት አማካሪ ተብሎ ተሾመ። በ1895 ፋኒ ጋቲከር የተባለች የአገሩን ልጅ አግብቶ ነበርና ቤቱ የአዲስ አበባ እንግዶች ሁሉ መገናኛ ሆነ።

ስለ ምድር ባቡሩ በአጭሩ ልለፍ። በ1894 ኢልግ ከፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኔ ጋር የሐዲዱን ፈቃድ አገኘ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። የፈረንሳይና የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች በኩባንያው ላይ ተሻኮቱ፤ የፈረንሳይ መንግሥት እጁን ሲያስገባ ምኒልክ ተቈጡ። ኢልግ ከፈረንሳዮች ጋር የነበረው መቀራረብ በግቢው ዘንድ ተሰሚነቱን እንደ ጐዳው አምናለሁ። እርሱ ይህን ሁሉ ዘመን በሐዲድ ነገር ሲደክም፥ ትንሿ የቀጥቃጭ ሥራ የምታድግበት ጊዜ አለፈ። ለበል በ1886 ያመጣው ጢስ አልባ ባሩድ በኬሚስት ፋብሪካ እንጂ በገጠር ሙቀጫ የሚቀመም አይደለም። የእርሳሱም ልብስ ናስና ኒኬል ሆነ። አንድ የሸዋ ቀጥቃጭ የጊዜውን ጥይት በእጁ ሊሞላ የሚችልበት ዘመን ከጉራዕ እስከ ዐድዋ ያለው ሃያ ዓመት ብቻ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ኢልግ ደግሞ ከዚህ ውስጥ አሥራ ሰባቱን ዓመት በምኒልክ አገልግሎት ላይ ነበረ።

ይህን የምለው ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም። አንድ መሐንዲስ ብቻውን የቀጥቃጭን ክብር ሊለውጥ አይችልም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ እጅ ቡዳ ተብሎ ይሰደብ ነበር፤ ይህን ስድብ የሚከለክለው የምኒልክ አዋጅ የወጣው በ1908 ነው። ኢልግ ከአገር የወጣው ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። አዋጁ ቀድሞ፥ መሐንዲሱ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

ኢልግ ጃንዋሪ 7 ቀን 1916 በዙሪክ ሞተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በሚቀጥለው ዓመት በ1917 ነው። በኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ዕቃዎች በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ተቀምጠዋል። በ1935 ኢጣልያ እንደ ገና በመጣች ጊዜ፥ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ያሉት መንግሥታት ክልከላ የጐዳው ፋብሪካ የነበራትን ኢጣልያን ሳይሆን ኢትዮጵያን ነው። ወደ ግንባር ከሄዱት አርበኞች ብዙዎቹ በዝናራቸው የያዙት የአያቶቻቸውን ዘመን ጥይት ነበር። በአዲስ አበባ የቀላል መሣሪያ ጥይት ፋብሪካ በቼኮዝሎቫክያ እርዳታ የቆመው ከዚያ ወዲያ በ1950ዎቹ ነው፤ ይኸውም ኢልግ ጠመንጃውን ለምኒልክ ካስረከበ ሰባ ዓመት ያህል ቈይቶ መሆኑ ነው።

ቀለሁን ለመመለስ ወደ እናቲቱ ቤት በወረድሁ ጊዜ ቡና ቀርቦ ነበር። ምልክቶቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸው፤ ፍልፍሉን፥ ሞረዱን፥ ስንጥቁን። አያታቸው እርሳስ በጀበና ስባሪ ሲያቀልጡ እናታቸው እንዳዩ ሲነግሯቸው መስማታቸውን ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ከዚያም ይህ ቀለህ አሁንም ሊሞላ ይችል እንደ ሆነ ጠየቁኝ። አንገቱ ስለ ተሰነጠቀ ከእንግዲህ እንደማይሞላ ነገርኋቸው። ጥቂት አስበው፥ እንግዲያው ለልጁ መጫወቻ ይሁነው ብለው በመስኮቱ ደፍ ላይ አቆሙት።